ሰው የለኝም ያልኩ ቀን

ትናንት ከቆዳ ቤቴ ደጃፍ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «እትዬ ትርንጎ፣ ትምህርቴን ልተው ነው። እንደ እርስዎ ብቻዬን ሱቅ ልከፍት» አለችኝ። ሠላሳ ሳልደፍን እርስዎ መባሌን ዋጥ አደረግሁት፤ «ብቻዬን» ያለችው ግን አናደደኝ። «እኔ ብቻዬን እንደ ጀመርኩ ማን ነገረሽ?» አልኳት። «ሰቆጣ ሁሉ ያወራዋል። ወንድ በካራ ጥለው ነው አሉ ሱቁን ያቆሙት» አለችና ዓይኗን ወደ ወገቤ ላከች፤ ካራው ዛሬም እዚያው የተሸጎጠ መስሏታል። ሂጂ፣ ደወሉ ያመልጥሻል ብዬ አባረርኳት። ስትሄድ ከኋላዋ አየኋት፤ የሸራ ጫማ፣ ጉርድ ቀሚስ፣ ወደ ማንም የማይዞር አንገት። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ከደሴ ስመለስ እኔም እንዲያ ነበርኩ።

ወደ ውስጥ ስገባ ሽታው ተቀበለኝ። ዘንድሮ ዝናቡ ከከዳን ወዲህ ቆዳ እንደ ጉድ ይመጣል፤ ግን የታረደ አይደለም፣ የወደቀ ነው። የታረደ ፍየል ቆዳ ደሙ ስለፈሰሰ ጨው ጨው፣ ትንሽም ሣር ሣር ይላል። የወደቀው ደሙን ውስጡ ይዞ ስለሚቀር ይጠቁራል፤ የዛገ ብረት ይሸታል። ከርሃብ የሚገኝ ትርፍ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ እኔም እየተናነቀኝ እገዛለሁ። ያን የዛገ ብረት ሽታ ግን አፍንጫዬ መጀመሪያ ያወቀው ከፍየል አይደለም። ከሰው ነው፤ እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ጨው ላይ።

ያኔም መንገዱ ይኸው ኮረኮንች፣ ቤቱም ይኸው የድንጋይ ካብ ነበር፤ ሰዉ ነው ሌላ የነበረው። በገበያ ቀን ከጋዝጊብላ በኩል ገና ጤዛው ሳይረግፍ ሰው ይጎርፋል፤ ከኒሯቅ ቆላ ፍየል የሚነዱት ደግሞ አቧራ ለብሰው እኩለ ቀን ላይ ይደርሳሉ። ወንዱ የካኪ ቁምጣ፣ በላዩ ኩታ፣ ወገቡ ላይ ዝናር። ጠመንጃ የሌለው ሽመል ይይዛል፤ ሽመል የሌለው ቤቱ ይቀመጣል። ሴቷ ጥልፍ ቀሚሷን የምታወጣው ለበዓል ነው፤ ለገበያ አቡጀዲዋን ለብሳ በመቀነት ጠበቅ ታደርጋለች፣ የጎማ ጫማዋን ደግሞ እንዳያልቅባት በእጇ ይዛ ትሄዳለች። ደህና የፍየል ቆዳ አንድ ብር፣ ቀዳዳ ያለበት ቆዳ ግማሹ፣ ሽልንግ ነው፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ሻይ ጠጥቶ መልስ ይቀበላል። ሽማግሌዎቹ ዋጋ የሚጠሩት ገና በአሞሌ ጨው ነበር። ከጠጅ ቤቶቹ የማሲንቆ ድምፅ ይወጣል፤ አዝማሪው ጠመንጃ ያለውን በራሱ ስም፣ የሌለውን በአያቱ ስም ያሞግሳል። እኔን እንኳ አልማረኝም። «ቆዳ ነጋዴዋ፣ ያቺ ባለ ሸራ፣ በምላስ ትገፍፋለች ፍየል ያለ ካራ» ብሎ ዘፈነብኝ። ሌላ ሴት ታፍር ይሆናል፤ እኔ ሽልንግ ላክሁለት።

ድብድቡን ግን ዛሬ የሚያወራው የለም። ደም ሳይታይበት የሚበተን ገበያ ብርቅ ነበር። ሰው ለአንድ ቃል ይፈነከታል፣ ለአንድ የድንበር ድንጋይ ይገደላል፤ በበዓል ማግስት ደግሞ ለቆዳ። አማቾች የሆኑ ሁለት ሰዎች አንድ የበሬ ቆዳ አንዱ ከጭራው አንዱ ከአንገቱ ይዘው ሲጓተቱ ደጄ ላይ አይቻለሁ። አንደኛው ጎራዴውን መዘዘና ቆዳውን ከመሃል ሸነተረው፤ ቀጥሎ የሌላውን ጆሮ። ሰዉ ጆሮውን መሬት ላይ ሲፈልግ እኔ ግማሽ ቆዳውን ገዛሁ። እንዲያ ነበርኩ። ፈሪ አልነበርኩም፤ ደፋርም አልነበርኩም። ሰው የማይነካኝ ለምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር እንጂ።

አባትና እናታችን ሲሞቱ እኔ ሕፃን ነበርኩ። ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ካሴ ነው፤ ጋሼ እለው ነበር። በጋዝጊብላ መሬቱን ያርሳል፣ ምንሽር አለው፣ እጁ ከአፉ ይቀድማል። በሬ ሸጦ ደሴ ላከኝ፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ስመለስ ባል አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ ለመንግሥት ሥራ ከሌላ አገር የመጣ ጸሐፊ።

«ደመወዝ አለው፣ ጃንጥላ አለው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«ጃንጥላውን አንተ አግባው» አልኩት። «እኔ የሰው እጅ አላይም። ራሴን እችላለሁ።»

ካሴ ሣቀ። «መቻሉንስ ትችይዋለሽ። እዚህ አገር ሴት ያልቻለችው ምን አለ?»

እኔ መቻል ያልኩት ደሴ የተማርኩትን ነው፤ የራስ ገንዘብ፣ የራስ በር፣ የራስ ቁልፍ። እሱ ያለው መቻል ሌላ ነው፤ ባሏ የደበደባትን ሴት ጎረቤቶቿ ከበው «ቻይው» የሚሏት መቻል። አንድ ቃል ነው። ልዩነቱ ሲገባኝ ግን ዘግይቷል።

የእናቴን የብር ድሪ ሸጥኩና ከገበያው ዳር ይህን ቤት ተከራየሁ። በጣውላ ላይ በጥቁር ቀለም «ትርንጎ ቆዳ ቤት፤ ራሱን የቻለ» ብዬ ጽፌ ሰቀልኩ። ቆዳውን የምትወጥረውና ጨው የምትነሰንሰው እትዬ ላቀች ነበረች፤ ከፋቂዎች መንደር የመጣች፣ ሰው ቤቱ የማያስገባት፣ ውሃ እንኳ በተለየ ቅል የሚሰጧት ሴት። ስትናደድ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ትሳደባለች፤ ሰው እንዲገባው የፈለገች ዕለት በአማርኛ። ሰሌዳውን አንጋጣ አየችና «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ራሱን የቻለ።»

«ጨውን ማን አመጣው?»

«የአቶ ደምሌ በቅሎዎች።»

«ቆዳውን ወደ ኮረም ማን ይወስደዋል?»

«የአቶ ደምሌ በቅሎዎች።»

«የሚወጥረውስ?»

«አንቺ።»

«እንግዲያ አንቺ ምንድን ነሽ? በሩ ነሽ?» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

አቶ ደምሌ የዋግ የቆዳና የጨው ጌታ ነበሩ። ነጭ ኩታ፣ የተወለወለ ከዘራ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ጨው ሲሸጡልኝ «ልጄ» ይሉኛል፣ ቆዳዬን ሲጭኑልኝ «ልጄ» ይሉኛል። ቆዳ በመግዛት የምሽቀዳደማቸው ነጋዴ ሆኜ ሳለ ለምን እንደሚጭኑልኝ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ምላሴን ፈርተው መሰለኝ። ሌላውም ሰው እንዲሁ። ከእኔ ጋር ዋጋ ተጣልቶ በትር የሚያነሣ አልነበረም፤ ሲመሽብኝ የሚተናኮለኝ የለም፤ ሰካራሙ እንኳ ደጄ ሲደርስ ዘፈኑን ዝቅ ያደርጋል። ይህን ሁሉ ያደረገው አሥረኛ ክፍል ነው ብዬ ደመደምኩ።

በገበያ ቀን ካሴ ይመጣል። ከደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ምንሽሩን ጉልበቱ ላይ ያጋድማል፣ ሲመሽ ተነሥቶ ይሄዳል። ብላ ብለው አይበላም፣ ተጫወት ብለው አይጫወትም። አሳፈረኝ። «ጋሼ፣ ገበያተኛ ታስፈራብኛለህ፤ ሂድና እርሻህን ያዝ» እለዋለሁ። «እግሬን እያሳረፍኩ ነው» ይለኛል። እግሩን ለማሳረፍ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ የሚመጣ ሰው አይታችኋል?

አንድ የገበያ ቀን ከቆላ የመጣ አንድ ጎረምሳ ቀዳዳውን በሰም ደፍኖ ቆዳ አመጣልኝ። ጣቴን ስከትበት ሰሙ ወለቀ። ሌባ አልኩት። «የማን ሴት ነሽ አንቺ?» ብሎ ሻሼን ከራሴ ላይ መነጨቀው። እኔ መልስ ስፈልግ ካሴ ተነሣ። በሰደፉ አንድ ጊዜ ነው የመታው፤ የልጁ ክንድ ከክርኑ በታች ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጠፈ። አጥንቱ የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አሰማ፤ ልጁ ራሱ የጮኸው ዘግይቶ ነው። ካሴ ሻሼን ከመሬት አንሥቶ አቧራውን አራገፈና ሰጠኝ። ቆዳ ይዘው ተራ ሲጠብቁ የነበሩት አህዮቻቸውን እየነዱ ወደ አቶ ደምሌ በኩል ሄዱ።

ደሜ ፈላ። ስለ ልጁ ክንድ አይደለም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ገበያዬ ስለ ተበተነ፣ በዚያ ላይ የማን ሴት ነሽ ለተባለው ጥያቄ መልሱን እሱ ስለ መለሰው ነው። ከቆዳ ክምሩ ላይ ወጣሁ። የገበያው ዳኛ ከማዶ ቆመዋል፣ ሰዉ ከበበ። «ስሙኝ» አልኩ። «ይህ ሰው ጠባቂዬ አይደለም። በእኔ ስም ማንንም አይምታ። እኔ የማንም አይደለሁም። ወንድምም ዘመድም አልፈልግም፤ ሰው የለኝም።»

እትዬ ላቀች ከውስጥ «አፍሽን ጨው ይሙላው» ስትል ሰማሁ። ካሴ ምንሽሩን አነገተ። ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አየና በጣም ረጋ ብሎ «ሰማችሁ፤ ሰው የላትም» አለ። ሄደ።

በደሴ ነፃነት ጥሩ ቃል ነበር። በእኛ አገር ሰው የለኝም የሚለው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጨርቁን ዘርግቶ የሚለምን ዓይነ ስውር ነው። ዘመድ ያለው ሰው ገበያ መሃል፣ ዳኛ ፊት ያለው እንደሆነ ትርጉሙ ሌላ ነው። ብትገድሉኝ የሚጠይቃችሁ የለም፣ ደሜ ባለቤት የለውም ማለት ነው። እኔ የራሴ ነኝ ያልኩ መስሎኝ የማንም ናት የሚያሰኘኝን አዋጅ በራሴ አፍ አስነገርኩ።

ሳምንቱ ሳያልቅ አቶ ደምሌ መጡ። ከዘራቸውን በር ላይ አቁመው በጨዋ ደንብ ገቡ።

«ልጄ፣ ሰው የለሽም አሉ።»

«ራሴ አለሁ።»

«ራስሽማ አለ» አሉና እግዜር ያሳያችሁ፣ አናቴን አዩት። «እሱንስ ማን ይጠብቀዋል? ፈንታ፣ የእኅቴ ልጅ፣ ባል ይሁንሽ። ቤቱም አብሮ ይጠናል።»

«አልፈልግም፣ አቶ ደምሌ።»

«አልጠየቅሁሽም እኮ። ነገርኩሽ።»

ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። በቀጣዩ የገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ፈንታ ሦስት ሰው አስከትሎ ገባ። ረጅም፣ ጥርሱ የሚያምር ወጣት ነበር፤ የበዓል ልብስ ለብሷል። ሦስቱ ምላጭ አወጡና የተወጠሩትን ቆዳዎች አንድ በአንድ ከአንገት እስከ ጭራ ይሰነጥቁ ጀመር። የተወጠረ ቆዳ ሲሰነጠቅ ጥፊ ይመስላል፤ ቤቱ በሙሉ በጥፊ ተሞላ። «በሕግ አምላክ» አልኩ። ያ ቃል የተሰነዘረ ጎራዴ አየር ላይ ሲያቆም በዓይኔ አይቻለሁ። ፈንታ ጥርሱን አሳየኝ። «ማን ይመስክርልሽ? ሰው የለሽ» አለ። ወደ ውጭ አየሁ። ጧት ጧት መቀስ የሚዋሰኝ ጨርቅ ሻጭ ከማዶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። አዝማሪው መሬት መሬት እያየ አለፈ።

እትዬ ላቀች ብቻ እንዳላየች አልሆነችም፤ ሁለት እፍኝ ጨው ዘግና የአንደኛው ባለ ምላጭ ዓይን ውስጥ ደፋችው። ሰውየው ሲንደባለል የሁለተኛውን እጅ ነከሰች፤ ሥጋው አፏ ውስጥ ቀረ። ሦስተኛው በሽመል ግራ ጆሮዋ ላይ አሳረፈባት። ጨው ክምሩ ላይ በፊቷ ወደቀች፤ ጨው ደም ሲጠጣ እንዴት እንደሚፈጥን ያን ቀን አየሁ፤ ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር። ያ የዛገ ብረት ሽታ ያኔ ነው የወጣው። ሞተች ብዬ ነበር። እኔን እጄን ከፊት በጠፍር አስረው በቅሎ ላይ ጫኑኝ። ወገቤን አልፈተሹም፤ ሴት መፈተሽ ነውር ነው። ሴት ጭኖ መውሰድ ነውር አይደለም፣ መፈተሽ ነው ነውሩ።

ፈንታ ከኋላዬ ተፈናጠጠ። ከከተማው ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ሁለቱ ጓደኞቹ በእግር ይከተላሉ፣ ዓይኑ የታመመው ኋላ ቀርቷል። ፈንታ ደስ ብሎት ያወራል። «ሰሌዳውን እናወርደዋለን፤ ፈንታ ቆዳ ቤት እንለዋለን። አንቺ ጸሐፊ ትሆኛለሽ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል አሉ።» ጆሮዬ ላይ ነው የሚተነፍሰው፤ ቅርንፉድ አኝኳል። መቀነቴ ውስጥ የፍየል መግፈፊያዋ ካራ ነበረች። በታሰሩት እጆቼ ሳብ ሳብ አድርጌ አወጣኋት። መንገዱ ጠምዘዝ ሲል በወገቤ ዞርኩና ካራዋን ባለ በሌለ ኃይሌ ጭኑ ሥር ከተትኳት፤ ፍየል ስትገፈፍ መጀመሪያ የሚከፈትበት ቦታ። ወደ ላይ ሳብኳት። ፈንታ አልጮኸም። «ምን አደረግሽ?» አለኝ፤ ዕቃ የሰበረች ልጅ እንደሚጠየቅ ዓይነት። ከዚያ ሙቀቱ ቀሚሴን አልፎ እግሬ ላይ ደረሰ። ሲወድቅ ልጓሙን አብሮ ሳበ፤ በቅሎዋ ደንብራ ወደ ከተማ ፈረጠጠች። ሁለቱ እሱን ሲያነሡ ደሙ በጣቶቻቸው መሃል ሲያመልጣቸው ዞሬ አየሁ። በቅሎዋ የአቶ ደምሌ ስለ ነበረች በቀጥታ ወደ ቤቷ፣ ወደ አቶ ደምሌ ግቢ ነው የገሰገሰችው። ገበያ መሃል ስናልፍ ራሴን ወረወርኩ። እንግዲህ ተማሪዋ የሰማችው እስከዚህ ያለውን ነው። ተረቱ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ቆንጆ ነው።

ፈንታ ሞተ። መንግሥት ያዘኝ፣ ጠየቀኝ፣ ተጠልፋ ነው ብሎ ለቀቀኝ። ደሙ ግን አልለቀቀኝም። እትዬ ላቀች ተርፋለች፤ ግራ ጆሮዋ ግን አይሰማም። ቤቱን ብከፍት ቆዳ ይዞ የሚመጣ የለም። ጥይት የሚጠበቅበት ደጅ ላይ ማን ይቆማል? ጨው የለም፣ በቅሎ የለም። የፈንታ ዘመዶች ሽማግሌ ላኩብኝ። «የሴት ደም ያዋርደናል፤ ወንድ አምጪ። ከሌለሽ ግን ምን እናድርግ፣ አንቺኑ ነው» አሉ። ወንድ እንደሌለኝ ደግሞ በገዛ አፌ ነግሬያቸዋለሁ። ያለኝ ምርጫ ሰቆጣን ጥሎ መሰደድ ወይም በር ዘግቶ መጠበቅ ነበር። በሩን ዘጋሁ። ከውስጥ ካራዬን ይዤ ከተሰነጠቀ ቆዳ ጋር ተቀመጥኩ። ወደ ወንድሜ መላክ? ብሞት አላደርገውም አልኩ። እትዬ ላቀች ጤነኛ ጆሮዋን ወደ እኔ አዙራ ሰማችኝና «እሺ፣ ሙቺ» ብላ ወጣች። ጋዝጊብላ ድረስ በእግሯ ሄዳለች።

በገበያ ቀን የካሴን ድምፅ ከደጅ ሰማሁ። በሩን ስከፍት ከዚያው ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። የፈንታ ዘመዶች ከማዶ ቆመዋል፣ አቶ ደምሌ መሃላቸው።

«የፈንታን ደም የምትፈልጉ፣ ስሙኝ» አለ። «ትርንጎ ሰው አላት። እኔ ካሴ ነኝ። የምውልበትን ታውቃላችሁ።»

«ማን ጠራህ?» ብዬ ወጣሁ። «ጋሼ፣ መልሰው። የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ዝም በይ። አንዴ ገበያ ላይ ተናግረሽ ያመጣሽውን አይተናል።» ሳይቆጣ ነው ያለኝ። ውሃ ጠየቀኝና ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ አየና «ቤትሽ ይሸታል» አለ። ሄደ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ቆዳ መጣ። አንድ አህያ፣ ሌላ አህያ፤ ጨርቅ ሻጩ በሩን ከፍቶ መቀስ ሊዋስ መጣ። ደጄ ላይ ጥይት የሚጠብቅ አልነበረምና፤ ጥይቱ ሌላ አድራሻ አግኝቷል። እኔም ቆዳ አገላበጥኩ፣ ዋጋ ተከራከርኩ፣ ሣቅሁም። ዛሬ ሰዎች ገንዘቡ የሷ ነው፣ ቤቱ የሷ ነው፣ ጭንቅላቱ የሷ ነው ሲሉኝ ያን ከሰዓት አስባለሁ። ጭንቅላቴ እንኳ የኔ ያልነበረበት ከሰዓት ነው፤ አንድ ገበሬ የራሱን አስይዞልኝ ነው የዋለው።

ካሴ እስከ መኸር ኖረ። በአውድማው ላይ በሬዎቹን እያዞረ ሳለ፣ ጠዋት፣ ከድንጋይ አጥር ጀርባ ተተኮሰ። የመጀመሪያው ትከሻውን፣ ሁለተኛው አንገቱን። በሬዎቹ አልቆሙም፤ ያው እንደለመዱት እየዞሩ ረገጡት። ስደርስ ሚስቱ አስካለ ከእግራቸው ሥር ጎትታ አውጥታዋለች፤ ፊቱ ላይ የጤፍ ገለባ ተጣብቋል፣ እሷ በምራቋ እያራሰች ታነሣለታለች። አላለቀሰችም። «ምንሽሩ ማሳው ዳር ነበር» አለችኝ። «ውቂያ ላይ አይይዘውም።»

ሽማግሌና ካህናት ተቀመጡ። አንድ ለአንድ ሆኗል፣ ደሙ ይድረቅ አሉ። ከፈንታ ወገን አቶ ደምሌ ይማሉ፤ ከካሴ ወገን ማን? ወንድ የለም። «እኔ አለሁ» አልኩ። አንዱ ሽማግሌ የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ «ልጄ፣ ሴት ደም አትቀበልም» አሉኝ። «ማፍሰሴን አይታችኋል፣ አባቴ። መቀበሌን እንዴት ትከለክሉኛላችሁ?» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ወደ አስካለ ዞሩ። ጥቁሯን ለብሳ ከዛፉ ሥር ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ ጡቷ ላይ ነው።

«ትማል» አለች። «እኔ የማበላው ልጅ አለኝ እንጂ የምቀብረው ሌላ የለኝም። ግን ስሚ፣ ትርንጎ፤ ያ ቤት ከእንግዲህ ግማሹ የኔ ነው።»

«ነው» አልኩ። ዛሬም ነው። ጨው ስትመዝን የምታዩአት ጠይም ሴት አስካለ ናት፤ ሠራተኛዬ የምትመስላችሁ ብትኖሩ ተሳስታችኋል።

መስቀል ተይዞ ማልኩ። ከእንግዲህ የካሴን ደም አልፈልግም፣ በልቤም አልይዝም አልኩ። የመጀመሪያውን እውነቴን ነው፣ ሁለተኛውን ዋሽቻለሁ፤ ካህኑም ያውቁታል። አቶ ደምሌም ማሉ። ተጨባበጥን፤ እጃቸው እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ ነበር። «እግዚአብሔር ይርዳሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቆረ። ያለ ወራቱ የመጣ ዝናብ ነው፤ የተከመረው ቆዳ አንድ ጊዜ ቢመታው በስብሶ ያልቃል፣ አስካለም እኔም እትዬ ላቀችም አብረን እንጠፋለን። ከአቶ ደምሌ በቀር ወደ ኮረም የሚወርድ በቅሎ ያለው በአገሩ አልነበረም። ላክሁባቸው። አቶ ደምሌ ሎሌ አልላኩም፤ ራሳቸው በቅሎዎቹን አስነድተው መጡ፤ ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ከደጄ ቆሙ። ከላይኛው ጥቅል አንዱን ቆዳ ገለጥ አድርገው በመዳፋቸው ዳበሱት።

«እርጥብ የለበትም?»

«የለበትም።»

«ጫኑ» አሉ።

ሎሌዎቹ ጥቅሉን ኮርቻው ላይ አነሡት። የበቅሎ ጭነት አንድ ሰው ብቻውን አያስረውም፤ ከአንዱ ጎን የሚወረውር፣ ከሌላው ጎን ተቀብሎ የሚስብ ይፈልጋል፣ አለዚያ ጭነቱ ይዞራል። ሎሌዎቹ ሌላኛዋን በቅሎ ሊይዙ ሄደዋል። መጫኛውን በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ወደ ማዶ ወረወርኩት። አቶ ደምሌ ያዙት። ጉልበቴን ከጥቅሉ ላይ ተክዬ ሳብኩ፤ እሳቸውም በዚያ በኩል ሳቡ።

«አጥብቂ» አሉኝ።

አጠበቅሁ።